እንዴት ይሠራል? ሊኑክስ በትንሿ የዊንዶውስ ታብሌት ላይ

ባለ 7 ወይም ባለ 8 ኢንች የዊንዶውስ ታብሌት እጅዎ ላይ ካለች፣ ምንም ከመነካካትዎ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስለ ኮምፒውተሩ ማንነት የሚናገረውን ገጽ ይክፈቱ። «ሲስተም ታይፕ» ከሚለው ጎን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ይህን ነው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባለ 32 ቢት፣ ፕሮሰሰሩ ግን ባለ 64 ቢት። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እዚያች መስመር ላይ ነው። ሊኑክስ ልጫን ብሎ ፍላሽ ሰክቶ፣ ታብሌቷ ፍላሹን እንዳላየች ሆና ዊንዶውስን ስትከፍትበት «አሮጌ ናት፣ አትችልም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የመለሳት ሰው ብዙ ነው። ታብሌቷ ግን ትችላለች። የጎደለው አቅም ሳይሆን ፍላሹ ላይ መኖር የነበረበት አንድ ትንሽ ፋይል ነው።

እነዚህ ታብሌቶች ከየት መጡ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢንቴል በ2013 «ቤይ ትሬይል» የተባለውን የአተም ፕሮሰሰር ትውልድ አወጣ። በስልክና በታብሌት ገበያ የአርም ቺፖች ቀድመውት ስለነበር በ2014 በ40 ሚሊዮን ታብሌቶች ውስጥ ለመግባት አቀደ፤ ለዚህም አምራቾችን እየደጎመ የሞባይል ክፍሉ በዚያ ዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በኤፕሪል 2014 ስክሪናቸው ከ9 ኢንች በታች ለሆኑ መሣሪያዎች ዊንዶውስን ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ድጎማውና ነፃው ዊንዶውስ ሲገናኙ ሙሉ ኮምፒውተር በ99 ዶላር ይሸጥ ጀመር፤ የኤችፒ «ስትሪም 7» ሲወጣ ዋጋው ይኸው ነበር። የዴል «ቬንዩ 8 ፕሮ»፣ ተነቃይ ኪቦርድ ያለው ባለ 10.1 ኢንቹ የአሱስ «ቲ100»፣ ስማቸው የማይታወቅ በርካታ የቻይና ታብሌቶችም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። ወደ አገር ቤት በዘመድ ሻንጣ የገቡትም ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው።

ውስጣቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ለምሳሌ በብዙዎቹ ርካሽ ታብሌቶች ውስጥ የሚገኘው «ዜድ 3735 ኤፍ» ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 1.33 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሥራ ሲበዛበት እስከ 1.83 ይደርሳል፤ የሚሸከመው ራም ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም። ስትሪም 7 ያላት ራም 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። ማከማቻው 16 ወይም 32 ጊጋባይት ሆኖ ቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ ነው፤ አውጥቶ መቀየር አይቻልም። ያም ሆኖ ይህ በ2000ዎቹ አጋማሽ ቢሮዎቻችን ይሠሩባቸው ከነበሩት ትልልቅ ኮምፒውተሮች የማያንስ ማሽን ነው። ለመጻፍ፣ ለማንበብ፣ ለሂሳብ ሰንጠረዥ፣ ለሙዚቃ፣ ልጅ ፕሮግራም መጻፍ እንዲለማመድበት ይበቃል።

በዊንዶውስ የሚቆዩበት መንገድ ግን ተዘግቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም የለውም፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻም ይጠይቃል። ከዚያ በፊትም ቢሆን 32 ጊጋባይቷን ዊንዶውስ ራሱ እየሞላት አንድ ትልቅ አፕዴት ለመጫን ቦታ ፍለጋ ሰው ፎቶውንና ሰነዱን ሲያጠፋ ነበር የኖረው። እኛ አገር ሌላም ምክንያት አለ፦ ብዙዎቹ ቻርጅ የሚደረጉት በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ነው። መብራት ሲጠፋ ስልክዎን ከሚሞሉበት ፓወር ባንክ ላይ የሚሠራ ሙሉ ኮምፒውተር በቀላሉ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

አንድ ነገር ቀድመው ይለዩ። የአርም ፕሮሰሰር ይዘው «ዊንዶውስ አርቲ» የተጫነባቸው ታብሌቶች፣ እንደ መጀመሪያው «ሰርፌስ አርቲ» ያሉት፣ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ናቸው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 8ን ደንብ ሲያወጣ በኢንቴል ማሽኖች ላይ ባለቤቱ «ሴኪዩር ቡት» የተባለውን የመነሻ ቁልፍ ማጥፋት እንዲችል ግዴታ አድርጎ ነበር፤ በአርም ማሽኖች ላይ ግን ያንኑ ማጥፊያ ከለከለ። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል አተም መሆኑን ያረጋግጡና ይቀጥሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኃይል ቁልፉን ሲጫኑ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም፤ ቦርዱ ላይ ባለች ሌላ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ «ዩኢኤፍአይ» የተባለ ፈርምዌር ነው። ይህ ፈርምዌር ራሙንና ስክሪኑን ያነቃል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚረከበውን ፕሮግራም ይፈልጋል። ፍላሽ ላይ ሲፈልግ የሚሄደው ወደ አንድ የታወቀ ፎልደር ነው፦ «ኢኤፍአይ» በሚል ፎልደር ውስጥ ያለው «ቡት»። እዚያም የሚፈልገው የፋይል ስም በደንብ የተወሰነ ነው። ፈርምዌሩ ባለ 64 ቢት ከሆነ «ቡት ኤክስ64» የሚለውን ይከፍታል። ባለ 32 ቢት ከሆነ የሚከፍተው «ቡት አይኤ32» የሚለውን ነው። ሌላ ስም አያይም፣ አይጠይቅም፣ የስህተት መልእክትም አያወጣም። የተሰጠውን የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ፣ ስሙ ያልተጻፈውን እንግዳ ባለቤቱ ቢጠራውም አያስገባም።

የእነዚህ ታብሌቶች ፈርምዌር ባለ 32 ቢት ነው። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት እየቻለ ለምን እንዲህ ሆነ? ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ሲነሳ የቢቱ ቁጥር ከፈርምዌሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። ቤይ ትሬይል በወጣበት ወቅት ታብሌቱ እንደ ስልክ ተኝቶ መልእክት እየተቀበለ የሚቆይበት «ኮኔክትድ ስታንድባይ» የተባለው አሠራር በዚህ ቺፕ ላይ የተዘጋጀው ለባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ነበር፤ የ64ቱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ደግሞም 1 ወይም 2 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን 32 ቢት ይቀለዋል፣ ማከማቻም ይቆጥባል። አምራቾቹ ፈርምዌሩን 32 አደረጉት፣ በዚያው ቀረ። የድሮው ባዮስ አነሳስም በእነዚህ ታብሌቶች ላይ የለም፤ ያለው መግቢያ ያ አንዱ ብቻ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሎጂክ ቀላል ነው። የተለመደው የኡቡንቱ ፍላሽ የሚይዘው «ቡት ኤክስ64»ን ብቻ ስለሆነ ታብሌቷ አታየውም። መፍትሔው ባለ 32 ቢት ሊኑክስ መፈለግ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ትልልቆቹ የሊኑክስ ስርጭቶች 32 ቢትን እየተዉ ነው፤ ዴቢያን ራሱ በ2025 ባወጣው 13ኛ እትም ለባለ 32 ቢት ማሽኖች ጫኚ ማዘጋጀቱን አቁሟል። ትክክለኛው መንገድ በሩ ላይ ብቻ 32 ሆኖ ከገቡ በኋላ 64 መሆን ነው። ይህን የሚቻል ያደረገው በጁን 2014 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 3.15 ነው። ከዚያ እትም ጀምሮ ባለ 64 ቢት ከርነል ከባለ 32 ቢት ፈርምዌር ጋር መሥራት ይችላል፤ ፈርምዌሩን አንድ ነገር መጠየቅ ሲኖርበት ፕሮሰሰሩን ለቅጽበት ወደ 32 ቢት ያወርደዋል፣ መልሱን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ዴቢያን በ2015 በወጣው 8ኛ እትሙ፣ ፌዶራ በ2017 በወጣው 27ኛ እትሙ ይህን አነሳስ በጫኚያቸው ውስጥ አካተዋል።

ስለዚህ የትኛውንም ስርጭት ቢመርጡ ፈተናው አንድ ነው። ፍላሹን ካዘጋጁ በኋላ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው «ኢኤፍአይ»፣ ከዚያ «ቡት» የሚለውን ፎልደር ይመልከቱ። ስሙ በ32 የሚያልቅ የኢኤፍአይ ፋይል አለ? ካለ ይቀጥሉ። ከሌለ ሌላ ስርጭት ያውርዱ። በዚህች አንዲት ማጣሪያ የስንት ሰው ምሽት በከንቱ ከመቃጠል እንደሚድን ሳስብ፣ የማውረጃ ገጾች በትልቁ ስለማይጽፉት አዝናለሁ። እኔ የምመርጠው ዴቢያንን ነው፤ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ለዋይፋይና ለመሳሰሉት የሚያስፈልጉት ዝግ ፈርምዌሮች ከጫኚው ጋር አብረው ስለሚመጡ ጅማሮው ቀሎታል።

ዝግጅቱ ከመጫኑ ይረዝማል። ታብሌቷ ያላት አንድ ማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ፍላሽ፣ ኪቦርድና ማውስ በአንድ ጊዜ ያስፈልግዎታል። ለዚህ የኦቲጂ ኬብልና የዩኤስቢ ሃብ ይግዙ፤ ከመርካቶም ሆነ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አይጠፋም። የኦቲጂ ኬብል ከተራው የሚለየው በአንዲት ሽቦ ነው። ማይክሮ ዩኤስቢ አምስት እግሮች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ ማንነት መለያ ነው። በኦቲጂ ኬብል ውስጥ ያ እግር ከመሬት መስመሩ ጋር ተያይዟል፣ ታብሌቷም ይህን ስታይ «ቻርጅ የምደረገው እኔ አይደለሁም፣ ኃይል ሰጪዋ እኔ ነኝ» ብላ ሚናዋን ትቀይራለች። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ኃይል ሰጪ ሆና ሳለ በዚያው ቀዳዳ ኃይል የምትቀበል ታብሌት ጥቂት ናት። ስለዚህ ባትሪው ሙሉ ሳይሆን አይጀምሩ፤ በመሃል ብትጠፋ ግማሽ የተጻፈ ማከማቻ ይዘው ይቀራሉ። በማይክሮ ኤስዲ ካርድ አስነሳለሁ ብለው ቢያስቡ፣ ብዙዎቹ ፈርምዌሮች ከካርድ አያስነሱም። ቲ100ን የመሰለ ኪቦርዱ ላይ የራሱ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ታብሌት ካለዎት ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ድነዋል።

ከዊንዶውስ ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ማከማቻው የተመሰጠረ መሆኑን ይመልከቱ። በማይክሮሶፍት አካውንት የተገባባቸው ታብሌቶች ባለቤቱ ሳያውቅ ተመስጥረው ሊሆን ይችላል፤ የመነሻውን ሴቲንግ ሲቀይሩ ረጅም የማስመለሻ ቁጥር ይጠይቃል፣ ያ ቁጥር ከሌለ ውስጡ ያለው ፎቶና ሰነድ አይገኝም። ምስጠራውን አስቀድመው ያጥፉ፣ ፋይሎችዎንም ወደ ውጭ ያውጡ። ሁለተኛ፣ የዊንዶውስ ማስመለሻ ፍላሽ ያዘጋጁ። የዊንዶውሱ ቁልፍ የተጻፈው ፈርምዌሩ ውስጥ ስለሆነ ማከማቻው ቢጠረግም አይጠፋም፤ አንድ ቀን ልመልሰው ቢሉ ማስመለሻው ቁልፉን ከዚያው ያነበዋል።

«ዊንዶውስን ሳላጠፋ ሊኑክስን ጎን ለጎን ላኑር» የሚለው ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣል። በ32 ጊጋባይት ላይ አይመከርም፤ ሁለቱም ይታፈናሉ። በተለይ የማስመለሻ ክፍሉን ብቻ ሰርዤ ቦታ ላግኝ የሚል ሰው ይጠንቀቅ። በ2014 ከወጡት ታብሌቶች ብዙዎቹ፣ ስትሪም 7ን ጨምሮ፣ «ዊምቡት» በተባለ አሠራር ነው የመጡት። በዚህ አሠራር ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የዊንዶውስ ፋይሎች ተጨምቀው የሚኖሩት እዚያው የማስመለሻ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዋናው ክፍል ላይ የሚታዩት ወደዚያ የሚያመለክቱ ጠቋሚዎች ናቸው። የማስመለሻ ክፍሉን ሲሰርዙ ዊንዶውስን ራሱን ሰረዙት ማለት ነው።

ወደ ፈርምዌሩ ለመግባት የየአምራቹን የድምፅና የኃይል ቁልፍ ጥምረት መሸምደድ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ውስጥ ሺፍትን ይዘው «ሪስታርት»ን ይጫኑ፤ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ የዩኢኤፍአይ ሴቲንግ የሚለውን ይምረጡ። እዚያ «ሴኪዩር ቡት»ን ያጥፉ፣ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ፍላሹ እንዲቀድም ያድርጉ። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉት። በአንዳንዶቹ የቻይና ታብሌቶች ላይ ፈርምዌሩ ከመሐንዲሶቹ ጠረጴዛ እንደወጣ ስለሆነ ሊነኩ የማይገባቸው በርካታ ምርጫዎች ተከፍተው ይገኛሉ፤ እዚያ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ታብሌቷን እስከ ወዲያኛው ሊዘጋት ይችላል።

ሊኑክስ ሲነሳ ስክሪኑ በጎኑ ተኝቶ ቢመጣ አይደንግጡ። የ7 እና የ8 ኢንቾቹ ስክሪን በመሠረቱ የተሠራው ቁመቱ ከወርዱ እንዲበልጥ ሆኖ ነው፤ 800 በ1280። ዊንዶውስ ይህን ስለሚያውቅ ያዞረዋል። ሊኑክስ የሚያውቀው በዝርዝር ነው፦ ከ2018ቱ ከርነል 4.16 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ «ይህ ስም ያለው ታብሌት ስክሪኑ በዚህ በኩል ዞሯል» የሚል መዝገብ አለ። ስሙን የሚያነበው አምራቹ ፈርምዌሩ ውስጥ ካሰፈረው ነው። ርካሾቹ አምራቾች ግን ያንን ቦታ ሳይሞሉት ይተዉታል፤ ስም በሚጻፍበት ላይ ያለው «በአምራቹ የሚሞላ» የሚለው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ነው። የከርነሉ ሰዎች እንዲህ ያሉትን ታብሌቶች ፈርምዌሩ በተሠራበት ቀን እስከ መለየት ደርሰዋል። የእርስዎ ከመዝገቡ ውጭ ከሆነች በዴስክቶፑ የስክሪን ሴቲንግ ያዙሯት።

ሲጫን የሚያስፈራው ቦታ ማከማቻ የሚመረጥበት ገጽ ነው። በተለመደው ኮምፒውተር «ኤስዲኤ» የሚለው ስም የውስጡ ዲስክ ነው፤ እዚህ ግን «ኤስዲኤ» የሰኩት ፍላሽ ነው የሚሆነው። የታብሌቷ ማከማቻ ስሙ በ«ኤምኤምሲ» ይጀምራል። አጠገቡ «ቡት 0»፣ «ቡት 1» የሚል ቅጥያ ያላቸው ጥቃቅን ክፍሎች ቢያዩ አይንኳቸው፤ የቺፑ የራሱ ክፍሎች ናቸው። መጠኑን በማየት ያረጋግጡ። ሙሉውን ዲስክ ማመስጠርም ከታብሌት ጋር አይስማማም፤ የይለፍ ቃሉ የሚጠየቀው ዴስክቶፑ ከመነሳቱ በፊት ነው፣ በዚያን ሰዓት ስክሪን ላይ የሚወጣ ኪቦርድ ስለሌለ ኪቦርድ ሳይሰኩ ታብሌቷን መክፈት አይችሉም።

መጨረሻ ላይ አስነሺው፣ «ግረብ» የሚባለው፣ ይጫናል፤ ያ የ32ና የ64 ጉዳይም እንደገና ይነሳል። ስርዓቱ 64 ቢት ቢሆንም ግረብ ግን የ32 ቢቱ መሆን አለበት፤ በሩን የሚያልፈው እሱ ነውና። ዴቢያን ይህን ራሱ ያውቃል፤ ከርነሉ የፈርምዌሩን ቢት 32 ወይም 64 ብሎ በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፍለት ጫኚው አንብቦ ተገቢውን ይመርጣል። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ታብሌቷ «የሚነሳ ነገር አላገኘሁም» ካለች ከሁለት አንዱ ሆኗል፦ ወይ የ64ቱ ግረብ ተጭኗል፣ ወይም ፈርምዌሩ ለሊኑክስ የተጻፈውን የመነሻ መዝገብ ረስቶ ወደዚያ ወደ ታወቀው ስም ብቻ ይሄዳል። ለሁለተኛው መድኃኒት የግረብን ቅጂ እዚያው «ቡት» ፎልደር ውስጥ በ«ቡት አይኤ32» ስም ማኖር ነው። የዴቢያን ጫኚ በዝርዝር ሁነታ ሲሠራ በተነቃይ መሣሪያ መንገድ ላይም ላስቀምጠው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» ይበሉት።

ዋይፋይና ንክኪ ዛሬ በብዙዎቹ ላይ ይሠራሉ። ለምን ከዓመታት በፊት አይሠሩ እንደነበር ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ የእርስዎ ታብሌት አልሠራ ካለች ምክንያቱ ያው ስለሚሆን። ዋይፋያቸው እንደ ላፕቶፕ በፒሲአይ ወይም በዩኤስቢ የተያያዘ አይደለም፤ ሚሞሪ ካርድ በሚነበብበት መስመር የተገናኘ ነው። በብዙ ርካሽ ታብሌቶች ውስጥ ያለው የሪልቴክ ቺፕ፣ «8723 ቢኤስ»፣ ድራይቨሩ ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ2017 በ4.12 ነው። የቲ100 የብሮድኮም ቺፕ ደግሞ የየቦርዱን የሬድዮ ልክ የያዘ ፋይል ይፈልጋል፤ ፋይሉ ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያው በፈርምዌሩ ማስታወሻ ውስጥ ነበር፤ ሰው በእጁ እየቀዳ ያወጣው ነበር፣ በኋላ ከርነሉ ራሱ ማንበብ ጀመረ።

የንክኪው ታሪክ ከዚህም ይገርማል። በርካታ ታብሌቶች ላይ ያለው የሲሊድ ኩባንያ ቺፕ ፕሮግራሙን የሚያኖርበት ቋሚ ቦታ የለውም፤ ኃይል ባገኘ ቁጥር ፕሮግራሙ ከውጭ ሊጫንበት ይገባል። ያ ፕሮግራም ደግሞ ለየመስታወቱ ይለያያል፣ ከዊንዶውሱ ድራይቨር ጋር ነው የሚመጣው፣ ለሌላ እንዲሰራጭ ፈቃድ የለውም። ታዲያ ምን ተደረገ? በ2020 በወጣ የከርነል እትም ያ ፕሮግራም በአንዳንዶቹ ታብሌቶች ዩኢኤፍአይ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚገኝ ታውቆ ከርነሉ ሲነሳ ከዚያው ፈልጎ እንዲያወጣው ተደረገ። የባለቤቱ ዕቃ ከባለቤቱ ማሽን ወጥቶ ለባለቤቱ ሠራ፤ የፈቃድም ክርክር አልተነሳም። ይህን ሥራ የሠራው በወቅቱ የሬድ ሃት ባልደረባ የነበረው የከርነል ፕሮግራመር ሃንስ ደ ኩደ ነው፤ ሻጮቻቸው የረሷቸውን ርካሽ ታብሌቶች ለዓመታት አንድ በአንድ እያስተካከለ ወደ ከርነሉ አስገብቷል። የእነዚህ ታብሌቶች ባለቤት የሆነ ሁሉ ይህን ስም በምስጋና ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመጫን ላይ ሳሉ ዋይፋዩ እምቢ ካለ የአንድሮይድ ስልክዎን በሃቡ ላይ ሰክተው የዩኤስቢ ቴዘሪንግን ያብሩ፤ ጫኚው ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል። ስልኩ ከታብሌቷ ባትሪ እንዳይስብ ግን አስቀድመው ይሙሉት።

አሁን ታብሌቷ ተነስታለች፤ የሚቀረው ለትንሽ ራሟ የሚስማማ ቤት መሥራት ነው። 2 ጊጋባይት ላላት «ኤክስኤፍሲኢ» ወይም «ኤልኤክስኪውት»፣ 1 ጊጋባይት ብቻ ላላት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «ግኖም» ለጣት የተመቸ ነው፣ ስክሪን ኪቦርዱም የራሱ ነው፤ በ1 ጊጋባይት ግን ይንፏቀቃል። በሌሎቹ ላይ «ኦንቦርድ» የተባለውን ስክሪን ኪቦርድ ይጫኑ፣ በመግቢያው ገጽ ላይም እንዲወጣ ማድረግዎን አይርሱ፤ አለበለዚያ ኪቦርዱን ነቅለው ሲሄዱ ፓስወርድ መጻፊያ ያጣሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ «ዜድራም» ነው። ራም ሲሞላ ስርዓቱ በጊዜው የማይፈለገውን ወደ ማከማቻ ቺፑ ከመጻፍ ይልቅ እዚያው ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ፕሮሰሰሩ ለመጭመቅ ትንሽ ይደክማል፤ ዝግተኛውን ቺፕ ከመጠበቅ ግን እጅግ ይፈጥናል፣ ተደጋግሞ በመጻፍ የሚያልቀውን የማከማቻ ዕድሜም ያተርፋል። ሁለት ወይም ሦስት የብራውዘር ገጽ ከፍቶ መሥራትና ታብሌቷ ደርቃ መቅረቷ የሚለያዩት በዚህ ነው።

ቪዲዮ ላይም አንድ ነገር አለ። የቤይ ትሬይል የግራፊክስ ክፍል «ኤች264» የተባለውን የቪዲዮ አቀማመጥ በራሱ ይፈታል፤ ዩቲዩብ ብዙ ጊዜ የሚልከውን «ቪፒ9»ን ግን አያውቅም፣ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ምስሉ ይቆራረጣል። ብራውዘሩ ላይ «ኤች264ፋይ» የተባለች ትንሽ ተጨማሪ ሲጭኑ ዩቲዩብ የመጀመሪያውን እንዲልክ ይገደዳል። ታብሌቷ ያለ ምክንያት እየደረቀች ካስቸገረች ደግሞ ይህ የቤይ ትሬይል የታወቀ ሕመም ነበር፤ ፕሮሰሰሩ በጥልቀት ሲተኛ ሳይነቃ የሚቀርበት። በዛሬዎቹ ከርነሎች በአብዛኛው ጠፍቷል። ቢመጣ ግረብ ላይ የፕሮሰሰሩን የእንቅልፍ ደረጃ በ1 የሚገድብ ትእዛዝ ይጨመራል፤ ዋጋው የባትሪ ዕድሜ ማጠር ነው።

ካሜራውን ይርሱት። ድራይቨሩ በ2017 ወደ ከርነሉ ገብቶ፣ በ2018 ተወግዶ፣ በ2020 ተመልሷል፤ እስከ ዛሬ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሚተማመኑበት ነገር አይደለም። ታብሌቷን የሚፈልጓት ውጭ ካሉ ልጆችዎ ጋር በምስል ለመነጋገር ከሆነ ለዚያ ስልክዎ ይሻላል።

አማርኛ መጻፍን በተመለከተ ግን ሊኑክስ አያሳፍርም። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» የሚባሉትን ፎንቶች፣ ከዚያ «አይባስ» የተባለውን የመጻፊያ ስርዓት ከ«ኤም17ኤን» ተጨማሪው ጋር ይጫኑ። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን ሲመርጡ «ሴራ» የሚባለው አጻጻፍ ይመጣል፤ በላቲን ፊደል «ሰ»ን ከአናባቢዋ ጋር ሲጽፉ ፊደሏ እየተለወጠች ትወጣለች። ይህ አጻጻፍ ትክክለኛ ቁልፎች ባሉት ኪቦርድ ላይ ነው የሚፈጥነው፤ በጣት ስክሪን ላይ እየነኩ ረጅም ነገር ለመጻፍ አይመችም፣ ስለዚህ ያቺን ትንሽ የዩኤስቢ ኪቦርድ አይጣሏት። ታብሌቷ ማይክሮ ኤስዲ ማስገቢያ ካላት ደግሞ «ኪዊክስ» የተባለውን ፕሮግራም ጭነው የአማርኛውን ዊኪፔዲያ በሙሉ ካርዱ ላይ ያውርዱት፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይነበባል። ቦታው ከፈቀደ የእንግሊዝኛውን ሥዕል አልባ እትም፣ ለተማሪ ልጅ ደግሞ ከዚያው ከኪዊክስ ዝርዝር የሚመርጡትን የሒሳብና የሳይንስ ስብስብ ይጨምሩበት።